አምስት አሃዝና አንድ ጥያቄ

የአጭር ሞገድ አድማጭ ለራዲዮ ጣቢያ የሚጽፈው የአቀባበል ዘገባ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ከላይ ቀኑ አለ። ቀጥሎ ሰዓቱ ይገባል፤ እሱም የአድማጩ መንደር ሰዓት ሳይሆን ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከዚያ ሞገዱ በኪሎኸርትዝ። የመቀበያው ዓይነት፣ የአንቴናው ርዝመት፣ አንቴናው ከቤት ውስጥ ይሁን ከጣሪያ በላይ። ከዚያ አምስት አሃዞች በአንድ ረድፍ። ከሥር ማስረጃው ይመጣል፦ በ4ኛው ደቂቃ ላይ የምን ዜና ተነበበ፣ ሙዚቃው መቼ ገባ፣ ቃለ ምልልሱ ከማን ጋር ነበር። ማስረጃው የጎደለበት ዘገባ የጣቢያውን የማረጋገጫ ካርድ አያስገኝም።

አምስቱ አሃዞች ሲንፖ ይባላሉ። የመጀመሪያው የሞገዱን ጥንካሬ ይለካል። ሁለተኛው ከሌላ ማሰራጫ የሚመጣውን ጣልቃ ገብነት፣ ሦስተኛው የአየሩን ጫጫታ፣ አራተኛው የሞገዱን መዋዠቅ ይለካሉ። አምስተኛው የሁሉም ድምር ስሜት ነው። መለኪያው ከ1 እስከ 5 ነው። 5 ከሁሉ የተሻለው፣ 1 ከሁሉ የከፋው። ይህ ችግርን በሚለኩት በመካከለኞቹ ሦስት አሃዞች ላይም አይለወጥም፤ በጣልቃ ገብነት ረድፍ 5 ማለት ምንም ጣልቃ ገብነት የለም ማለት ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይገለብጠዋል።

አሃዞቹ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። አጠቃላዩ አሃዝ ከአራቱ ከደካማው ብዙ ሊርቅ አይችልም። ጣልቃ ገብነቱ 2 ሆኖ አጠቃላዩ 5 ከተባለ ዘገባው በአክብሮት እንጂ በጆሮ አልተጻፈም። የጣቢያ መሐንዲስ አምስት ጊዜ 5 የተደረደረበትን ወረቀት ሲያይ ለአድማጩ ደግነት ያመሰግናል፤ ለሥራው ግን የሚረዳው 3 5 4 2 3 ብሎ የጻፈለት ሰው ነው። ያ ሰው ሞገዱ መካከለኛ እንደነበረ፣ የሚረብሽ ጣቢያ እንዳልነበረ፣ ጫጫታው ትንሽ እንደሆነ፣ ነገር ግን ድምፁ እየመጣ እየሄደ እንዳስቸገረው ነግሮታል። ችግሩ ከማሰራጫው አይደለም፤ ሞገዱን ከሚመልሰው ከላይኛው የአየር ንብርብር ነው። መፍትሔውም ኃይል መጨመር ሳይሆን ባንድ መቀየር ነው። 300ን በሜጋኸርትዝ ሲያካፍሉት የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይገኛል፤ አስተዋዋቂው 31 ሜትር ባንድ የሚለው ከ9.4 እስከ 9.9 ሜጋኸርትዝ ያለውን ነው። አጭር ርዝመት ያለው ባንድ ለቀን፣ ረጅሙ ለሌሊት ይስማማል። በመጋቢትና በጥቅምት ወራት የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ሠንጠረዣቸውን የሚቀይሩትም ስለዚሁ ነው።

ከእነዚህ ረድፎች ውስጥ ልብ ብሎ ሊታይ የሚገባው 5 1 5 5 1 ነው። ሞገዱ በሙሉ ኃይሉ ደርሷል። አየሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ድምፁ አይዋዥቅም። ሆኖም ምንም አይሰማም፤ ሁለተኛው አሃዝ ብቻውን ወድቋል። ይህ ረድፍ አንድ ቀን ከአንድ ከተማ ቢመጣ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ከተለያዩ ከተሞች፣ በተለያዩ ባንዶች፣ ፕሮግራሙ ሲጀምር ጀምሮ ፕሮግራሙ ሲያልቅ የሚያበቃ ከሆነ ግን አንድ ሰው መሣሪያ ተክሎ እያፈነ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የዘር ፍጅትን ከቀሰቀሰው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አመሳስለው፣ መንግሥታቸው ስርጭቱን ለማፈን አቅሙን ሲያዘጋጅ እንደቆየ በይፋ ተናገሩ። ይህን የመሰለ ነገር ከመሪ አንደበት ከመስማት በፊት በአድማጭ ወረቀት ላይ ማንበብ ይቻላል። እኔ የሲንፖን አሠራር የማደንቀው ለዚህ ነው። አድማጩ ማንንም አይከስም፤ አምስት አሃዝ ይጽፋል።

ኮሎራዶ ለምንኖር ሰዎች የአራተኛው አሃዝ መፍቻ ቅርባችን ነው። ከዴንቨር 100 ኪሎሜትር ያህል በሰሜን፣ ከፎርት ኮሊንስ ወጣ ብሎ፣ ደብሊው ደብሊው ቪ የተባለ የመንግሥት ማሰራጫ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እዚያ ነው። ዜና የለውም፤ ዘፈን የለውም። በ2.5፣ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሜጋኸርትዝ ሰዓት ይቆጥራል። እያንዳንዱ ሴኮንድ 5 ሚሊሴኮንድ በምትቆይ ምት ይታወቃል። 59ኛው ምት ሆን ተብሎ ይዘለላል፤ ከዝምታው በኋላ የደቂቃው መክፈቻ 0.8 ሴኮንድ የሚረዝም ድምፅ ይሰማል። በየሰዓቱ 18ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ቦልደር ካለው የጠፈር አየር ሁኔታ ማዕከል የሚመጣ አጭር መግለጫ ይነበባል፦ ከፀሐይ የሚመጣው የራዲዮ ጨረር መጠን፣ ከዚያም የምድር መግነጢስ ምን ያህል እንደታወከ የሚያሳዩ ቁጥሮች። ኬ የሚባለው ቁጥር 5 ከደረሰ የመግነጢስ ማዕበል አለ። ጠንቃቃ አድማጭ ይህን ቁጥር ከአራተኛው አሃዝ ጎን በትንሹ ይጽፈዋል። መሐንዲሱም ያንን አይቶ ድምፁ የዋዠቀው በፀሐይ መሆኑን ያውቃል፤ ምንም ሳይነካ ይተወዋል። ደብሊው ደብሊው ቪም የአቀባበል ዘገባ ለሚልኩለት የማረጋገጫ ካርድ ይልካል። ሰዓት ብቻ የሚናገር ጣቢያ እንኳ ማን እንደሰማው ማወቅ ይፈልጋል።

አሃዞቹ የሚናገሩት ስለ ሞገድ ነው። ከአድማጭ የሚመጣው ሁለተኛው ዓይነት መልእክት ስለ ራሱ ስለ አድማጩ ነው፤ እሱን መያዝ ከሁሉ ይከብዳል። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ስርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በዓመታት ውስጥ ካቀረባቸው ዝግጅቶች ከአድማጭ ጥያቄ ብቻ የተሠሩ ነበሩ፤ «ለጥያቄዎ መልስ» አንዱ ነበር፤ አሉላ ከበደ ያቀርበው የነበረው «ሐኪምዎን ይጠይቁ» ሌላው። ጥያቄው ከገጠር ቀበሌ ወይም ከከተማ ይነሣል፤ ባለሙያ ይፈለግለታል፤ ሁለቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይገጣጠማሉ። የአድማጭ ጆሮ መገጣጠሚያውን እንዳይሰማው ተደርጎ ይሠራል። መገጣጠሚያው ግን የሥራው ዋና ቦታ ነው።

በቴፕ ዘመን አርታኢው ድምፅን በዓይኑና በጣቱ ያውቀው ነበር። በስቱዲዮ የተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 7 ኢንች ተኩል፣ ማለትም 19 ሴንቲሜትር ነበር። ግማሽ ሴኮንድ የሚወስድ ትንፋሽ 9 ሴንቲሜትር ተኩል ቴፕ ነው። ቴፑ በብረት ማገጃ ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ ምላጩ በ45 ዲግሪ ያዘነብላል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቴፕ ሲጋጠም ጠቅ ይላል፤ በሰያፍ የተቆረጠው አንዱን ድምፅ አሳንሶ ሌላውን ያስገባል። ዛሬ ይህ በኮምፒዩተር መስመር ላይ ይሠራል፤ ሰያፉ ቁርጥ ግን አሁንም አለ፤ ጥቂት ሚሊሴኮንድ የምትፈጅ መጥፊያና መግቢያ ሆኗል።

አማርኛን መቁረጥ የራሱ ጠባይ አለው። ዋናው ግሥ መጨረሻ ይመጣል፤ አዎንታና አሉታው፣ ጥያቄነቱ፣ ማን እንዳደረገው ሁሉ እዚያ ይታሰራል። ከፊቱ ያሉት «መጥቶ፣ ለክቶ፣ ሰጥቶ» እያሉ የሚሰለፉት ግሦች ባለቤታቸውን ሳይጠሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ በሌላ ቋንቋ እንደሚደረገው ጅራቱን ቆርጦ ማሳጠር አይቻልም፤ መሐሉን መቁረጥም ያሰጋል። አንድ አድማጭ እንዲህ አለ እንበል፦

«የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ መሬቱን ለክቶ ወረቀት ሰጥቶን ሲያበቃ፣ የአጎቴ ልጅ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። አሁን የሚጸናው የትኛው ነው?»

ሰዓት ያጠረው አርታኢ ከመካከል ሁለት ሴኮንድ ያህል፣ በቴፕ 38 ሴንቲሜትር፣ ቢያወጣ የሚቀረው ይህ ነው፦ «የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ መሬቱን ለክቶ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ።» ሰዋስው አልተነካም። ድምፁ የአድማጩ ነው። አምስት ቃል ነው የወጣው። ነገር ግን ሁለተኛውን ወረቀት ያመጣው ሰው ተቀይሯል፤ የአጎት ልጅ ጠፍቶ ሊቀ መንበሩ ተከሷል። አድማጩ ያልከሰሰውን ሰው በገዛ ድምፁ ሲከስ ይሰማል፤ በቀበሌውም የሚጠየቀው አድማጩ ነው።

ስለዚህ ጥሩ አርታኢ የሚቆርጠው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው መግቢያው ነው፦ ሰላምታው፣ የቤተሰቡ ደኅንነት፣ ጣቢያው እንደምን እንደሰነበተ። በአገራችን ይህ ረጅም ነው፤ ሊሆንም ይገባል። ሁሉንም ማውጣት ግን ሰውየውን ባለጌ ያስመስለዋል። አንድ «ጤና ይስጥልኝ» ይቀራል፤ ስምና አገር ይከተለዋል፤ ከዚያ ጥያቄው። ሁለተኛው ቦታ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ካለቀ በኋላ ያለው ድግግሞሽ ነው። በሰንሰለት ከሚሄዱት ግሦች መሐል ምላጭ አይገባም። ትንፋሹም አይነካም። ሰው «አሁን የሚጸናው» ከማለቱ በፊት አየር ከሳበ፣ ያ ትንፋሽ ጥያቄው እንደከበደው ይናገራል። ትንፋሹን አውጥቶ ቃላቱን ያጣበቀ ሰው ጊዜ አትርፏል፤ ሰውየውን ግን አሳስቷል።

የስም ጉዳይ ቀጥሎ ይመጣል። ሊቀ መንበሩ በስም ከተጠራ ስሙ ይወጣል፤ እሱ መልስ አልሰጠምና። በትንሽ ቀበሌ ግን ስም ማውጣት አይበቃም። ቀበሌው ከተጠራ ሊቀ መንበሩ ተጠርቷል። ስለዚህ ቦታው ወደ ወረዳ፣ አንዳንዴም ወደ ዞን ከፍ ይላል። ጠያቂው ራሱ በድምፁ የሚታወቅ ከሆነና ጉዳዩ የሚያሰጋው ከሆነ ጥያቄውን አዘጋጁ በራሱ ድምፅ ያነበዋል። በዚህ ጊዜ ትንፋሹ ይጠፋል፤ ሰውየው ይተርፋል። እኔ ይህን ልውውጥ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አዘጋጁ ግን ቃላቱን ሳያሳምር እንዳሉ ማንበብ አለበት። የገበሬ ጥያቄ በቢሮ አማርኛ ሲነበብ የሌላ ሰው ጥያቄ ይሆናል።

ባለሙያው ሲመልስ ሌላ መገጣጠሚያ አለ። የሕግ ባለሙያ በራዲዮ ፍርድ መስጠት አይችልም፤ አንዱንም ወረቀት አላየም፤ የአጎት ልጁን አልሰማም። አድማጩ ደግሞ ስለ ሕግ በጥቅሉ አልጠየቀም፤ ስለ መሬቱ ነው የጠየቀው። አቅራቢው በሁለቱ መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገባል፦ «አድማጫችን ባነሱት ዓይነት ጉዳይ፣ ለአንድ መሬት ሁለት ወረቀት ሲኖር፣ በመጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው?» ይህች ዓረፍተ ነገር ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነው። የአድማጩን ጉዳይ ሳትተወው ለሁሉም ትከፍታለች። «ዓይነት» የሚለው ቃል ባለሙያውን ከፍርድ ያድነዋል። «በመጀመሪያ» የሚለው መልሱን በቅደም ተከተል እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ለሐኪምም ያው ነው፤ ያላየውን በሽተኛ ሊያክም አይችልም፤ የትኛው ምልክት ወደ ጤና ጣቢያ ሳይዘገዩ መሄድ እንደሚያሻው ግን ሊናገር ይችላል።

የጀርመኑ ዶይቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1965 ነው። «እንወያይ» በተባለው ዝግጅቱ በጉዳዩ ላይ የተለያየ አቋም ያላቸው እንግዶች ይቀርባሉ። እንዲህ ባለ ውይይት ሁሉም ወገን ሁልጊዜ አይገኝም። ያልተገኘውን ወገን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ጣቢያ የሥራውን ጥራት ያሳያል። «መልስ ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የሚለው ሰፊ ነው፤ ምንም አይናገርም። ማን ተጠየቀ? በስልክ ነው በደብዳቤ? ስንት ጊዜ? መቼ? የሚመለከተው ቢሮ ሰኞና ረቡዕ በስልክ እንደተጠየቀ፣ ረቡዕ ዕለት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እንደተባለ የሚናገር አቅራቢ አድማጩን እንደ ዳኛ አክብሮታል። ርዝመቱ አምስት ሴኮንድ ቢጨምር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ምሽት 3 ሰዓት ሲሆን ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ላይ በብርዱ ወራት ረፋድ ነው፤ ሰዓት ሲቀየር እኩለ ቀን ይሆናል። የአሜሪካ ድምፅ የምሽት ስርጭት ለእኛ የሥራ ሰዓት ላይ ይወድቅ ነበር፤ በታክሲ ውስጥ፣ በሀቫና ጎዳና ሱቆች፣ በኢስት ኮልፋክስ ካፌዎች በስልክና በኢንተርኔት ይደመጥ ነበር። በሕግ ስንታይ ግን ስርጭቱ ለእኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የስሚዝ ማንት ሕግና በኋላ የተጨመሩት ማጥበቂያዎች ለውጭ አገር የተዘጋጀ የመንግሥት ስርጭት በአሜሪካ ምድር እንዳይሰራጭ ከልክለው ቆዩ፤ ይህ የላላው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ነው። የአውሮራ አድማጭ ለጎረቤቱ የተላከ ደብዳቤ ሲነበብ እንደሚሰማ ሰው ነበር።

ሆኖም አስተያየት ይሰጣል፤ አብዝቶም ይሰጣል። የእሱ አስተያየት ከገበሬው የተለየ ቅርጽ አለው። ገበሬው ስለ ወረቀቱ ይጠይቃል። የአውሮራው ሰው እገሌን ለምን ጋበዛችሁ፣ ያንን ቃል ለምን ተጠቀማችሁ፣ የእኛን ወገን ዜና ለምን ሦስተኛ አደረጋችሁ ይላል። እነዚህ ትክክለኛ የአርትዖት ጥያቄዎች ናቸው፤ በተለይ የቃሉ። ግጭት በሚዘገብበት ጊዜ አንድ ታጣቂ ቡድን በምን ስም ይጠራል የሚለው ግማሽ ዜና ነው። ግን አዘጋጁ የሚመጣለትን አስተያየት በሁለት ጠረጴዛ መክፈል አለበት፤ በአንዱ ከአገር ቤት የመጣ፣ በሌላው ከውጭ የመጣ። ስልክ የረከሰለት ብዙ ይደውላል። መብራት በሄደበት ከተማ ያለው አድማጭ አንዴ ደውሎ ካልተሳካለት ይተወዋል። ከአንድ ከተማ በአንድ ምሽት የመጡ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ሃያ መልእክቶች እንደ አንድ መልእክት ይቆጠራሉ፤ ያ አንዱ ግን በደንብ ይነበባል። ይህ ቆጠራ የማይታይ ሥራ ነው፤ በስርጭቱ ላይ ማንም አይሰማውም፤ የዜናው ቅደም ተከተል ግን በሱ ላይ ይቆማል።

ከኢትዮጵያም ለሌሎች አገሮች የሚሰራጭበት ዘመን ነበር። የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1963 ጀምሮ ከአዲስ አበባ በ100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይናገር ነበር፤ ባለቤቱ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሲሆን በመጋቢት 1977 ደርግ ወረሰው። የዚህ ጣቢያ አሠራር ብዙ ጊዜ አይነገርም። ፕሮግራሞቹ ሁሉ አዲስ አበባ አይሠሩም ነበር። ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ፣ ካሜሩን ውስጥ ንጋውንዴሬና ሌሎችም ቦታዎች የአካባቢ ስቱዲዮዎች ነበሩት፤ ቴፑ ከዚያ ይላካል፤ አዲስ አበባ ያሰራጨዋል። የፉልፉልዴ ቋንቋ አድማጭ የሚሰማው ንጋውንዴሬ የተሠራውን ነው። ሠሪው አድማጩን በሰፈሩ ያውቀዋል፤ ማሰራጫው ግን በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎሜትሮች ርቆ ነው። አስተያየትና ሥራ አንድ ቦታ፣ ኃይል ሌላ ቦታ። ይህ አወቃቀር ከእሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ የተሻለ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 15 ቀን 2025 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በሙሉ ማለት ይቻላል ከሥራ ገለል እንዲሉ ተደረገ፤ የአማርኛው ስርጭትም አብሮ ቆመ። በአውሮራ የቀረው ለአድማጩ የቀረበው ራዲዮ ነው። ኬቶ 93.9 አነስተኛ ኃይል ከተፈቀደላቸው የማኅበረሰብ ጣቢያዎች አንዱ ነው። የዚህ ዓይነት ጣቢያ በሕግ ከ100 ዋት አያልፍም፤ ሽፋኑ 5.6 ኪሎሜትር ራዲየስ ያህል ነው። ብሥራተ ወንጌል አንድ ማሰራጫው ብቻ የዚህን ሺህ እጥፍ ነበር። እዚህ ሲንፖ አያስፈልግም፤ ድምፁ የማይደርሰው አድማጭ ከእንጀራ መሸጫው ሰልፍ ላይ ይናገራል። የአርትዖቱ ጥያቄ ግን ይጠነክራል፤ ሊቀ መንበሩም፣ የአጎት ልጁም፣ ጠያቂውም እዚሁ ሰፈር ናቸው።

ስሕተት ሲታረም የእጅ ሥራው ከሁሉ ይበልጥ ይታያል። ልከኛ እርማት ይህን ያህላል፦ «ትናንት ማክሰኞ በምሽት ዜናችን የማኅበረሰቡ ስብሰባ ቅዳሜ ነው ብለናል። ስብሰባው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የጠቆሙንን አድማጭ እናመሰግናለን። እሑድ፣ 8 ሰዓት።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የት እንደተሳሳተ ይናገራል፤ የሰማ ሰው የቱን እንደሚያርም እንዲያውቅ። ሁለተኛው ትክክለኛውን ይተካል። ሦስተኛው ስም አይጠራም፤ ጠቋሚው ካልፈለገ አይጠራም። የመጨረሻዎቹ ቃላት ለዘገየው ጆሮ ናቸው። የተሳሳተው ቀን አንዴ ብቻ ተጠርቷል፤ ትክክለኛው ሁለት ጊዜ። እርማቱ ስሕተቱ በወጣበት ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ ይነበባል፤ የማክሰኞ ምሽት ስሕተት በረቡዕ ጠዋት ከታረመ ሌሎች ሰዎች ናቸው የሚሰሙት።